ፍጥነት ወይስ ቀጠሮ? ሊኑክስ በሰዓቱ መድረስን የተማረባቸው 20 ዓመታት

አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ከቤታችሁ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዱ ሁለት የታክሲ መንገዶች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በ20 ደቂቃ ያደርሳችኋል፤ አልፎ አልፎ ግን መንገዱ ይዘጋና አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሁለተኛው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ሁልጊዜ 35 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያ ግን ፈጽሞ አያልፍም። በአዘቦት ቀን የትኛውን ትመርጣላችሁ? የማትሪክ ፈተና ቀንስ? በሩ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ አይከፈትም።

አብዛኞቻችሁ በአዘቦት ቀን የመጀመሪያውን፣ በፈተና ቀን ሁለተኛውን ትመርጣላችሁ ብለን እንገምታለን። ልብ በሉ፤ መንገዶቹ አልተቀየሩም። የተቀየረው መዘግየት የሚያስከፍላችሁ ዋጋ ነው። በአዘቦት ቀን የምታስቡት «አብዛኛውን ጊዜ ምን ያህል ይወስዳል?» ብላችሁ ነው። በፈተና ቀን ግን ጥያቄያችሁ «በጣም ከከፋስ እስከ ስንት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል?» ወደሚለው ይዞራል።

ኮምፒውተሮችም የፈተና ቀን አላቸው። የመኪና ኤርባግ ግጭቱ ከደረሰ በኋላ በሚሊ ሰከንዶች (በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች) ውስጥ መነፋት አለበት፤ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ቢነፋ ለማንም አይጠቅምም። በማኅሌት ላይ ከበሮ የሚመታውን ሰው አስቡት። ምቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ጊዜውን ካለፈ ዜማውን ያፈርሳል። መልሱ ትክክል መሆኑ ብቻ ሳይሆን በተቆረጠለት ሰዓት መድረሱም ግዴታ የሆነበት የኮምፒውተር ሥራ «ሪል ታይም» ይባላል። ስሙ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው «በጣም ፈጣን» ማለት ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ቃሉን የሚጠብቅ፣ ቀጠሮ የማያፈርስ ማለት ነው።

ይህን ቃል የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ከርነል ነው። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩን አሁን ለየትኛው ሥራ ልስጥ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን ይቅደም የሚለውን በየቅጽበቱ ይወስናል። ዛሬ የምናወጋችሁ አንድ ታዋቂ ከርነል፣ ማለትም ሊኑክስ፣ ቀጠሮ ማክበርን እንዴት እንደተማረ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ሊኑክስ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ከጨረቃ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምትጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨረቃ አናት ላይ የጮኸው ማስጠንቀቂያ

ሐምሌ 20 ቀን 1969። የአፖሎ 11 ማረፊያ መንኮራኩር ኒል አርምስትሮንግንና በዝ ኦልድሪንን ይዞ ወደ ጨረቃ እየወረደ ነው። በድንገት የመንኮራኩሩ ኮምፒውተር «1202» የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። በኋላም «1201» የሚል መጣ። ትርጉሙ በአጭሩ «የተሰጠኝ ሥራ ከአቅሜ በላይ ነው፤ አዲስ ሥራ የምመዘግብበት ቦታ አልቆብኛል» ነበር።

ኮምፒውተሩ እየተጻፈ የሚሰረዝበት ማስታወሻው 2,048 ቃላት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ «ቃል» የሚባለው 16 ቢት የሚይዝ አንድ ክፍል ነው። በመውረጃው ሰዓት ደግሞ በዚያ ቅጽበት የማያስፈልግ አንድ ራዳር የሐሰት ምልክት እየላከ ከኮምፒውተሩ ጊዜ 15 በመቶ ገደማውን ይበላበት ነበር። ተራ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ሥራ እኩል እያዘገየ ይንገታገት ነበር። መንኮራኩሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ስሌትም አብሮ ይዘገያል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያቅታችሁም።

ያ ግን አልሆነም። በኤም አይ ቲ የሚሠራው ሃል ላኒንግ የነደፈው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሥራ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጥ ነበር። በማርጋሬት ሃሚልተን የሚመራው የሶፍትዌር ቡድንም ሥራ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ራሱን በቅጽበት እንደገና እንዲያስነሳና አስፈላጊዎቹን ሥራዎች ካቆሙበት እንዲቀጥል አድርጎ ገንብቶት ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጮኸ ቁጥር ኮምፒውተሩ መቆየት የሚችለውን ሥራ ጥሎ ሞተሩንና አቅጣጫውን የሚቆጣጠረውን ብቻ ይዞ ቀጠለ። መንኮራኩሩም በሰላም አረፈ።

ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ከዚያ ኮምፒውተር ጋር በፍጥነት ጭራሽ አይወዳደርም። ያ ዘገምተኛ ኮምፒውተር ግን ስልካችሁ የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ የትኛው ሥራ በምንም ዓይነት መዘግየት እንደሌለበት።

ሁለት ቤተሰብ

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ኮምፒውተርም እያደገ ነበር። በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በኤም አይ ቲ አንድን ውድ ኮምፒውተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲጋሩት የሚያስችል ሥርዓት አሳዩ። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁራሽ ጊዜ እየሰጠ በየተራ ያዳርሳል። በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረው ዩኒክስም የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ዓላማው ፍትሐዊነትና ብዙ ሥራ መጨረስ ነበር። አንዱ ተጠቃሚ ለትንሽ ጊዜ ቢጠብቅ ማንም አይሞትም።

ስለዚህ ሁለት ቤተሰብ ተፈጠረ ማለት ነው። አንዱ ጊዜን ያጋራል፤ ሌላው ጊዜን ያከብራል። ለሁለተኛው ቤተሰብ ሒሳባዊ መሠረት የጣሉት ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ። ያረጋገጡት ነገር ቀላል ግን የሚያስገርም ነው። በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገሙ ሥራዎች አሏችሁ እንበል። ቶሎ ቶሎ ለሚደጋገመው ከፍ ያለ ቅድሚያ ከሰጣችሁና የሥራዎቹ ጠቅላላ ሸክም ከፕሮሰሰሩ አቅም 69 በመቶ ገደማ ካላለፈ፣ አንዳቸውም ቀጠሯቸውን እንደማያፈርሱ አስቀድሞ በሒሳብ ማረጋገጥ ይቻላል።

የቀረው 31 በመቶ የት ሄደ? አንድም ሥራ እንዳይዘገይ የተከፈለ መያዣ ነው በሉት። (ቅድሚያውን በየቅጽበቱ እያሰላ ቀጠሮው ለቀረበው ሥራ የሚሰጥ ሌላ ዘዴም አለ፤ እሱ እስከ 100 በመቶ ሊሄድ ይችላል፣ ሸክሙ ካለፈ ግን ማን እንደሚዘገይ መገመት ይከብዳል።) ከታክሲው ምሳሌ ጋር አያይዙት፤ 35 ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ስትመርጡ 15 ደቂቃ ከፍላችሁ እርግጠኝነት እየገዛችሁ ነው።

በማርስ ላይ የጠፋው ቁልፍ

ቅድሚያ መስጠት ብቻውን ግን አይበቃም። ይህንን ዓለም በደንብ ያየው በ1997 ነው።

ሐምሌ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ ራሱን በራሱ እያጠፋ ማስነሳት ጀመረ። በተነሳ ቁጥር የዚያ ቀን ሥራ ይስተጓጎላል። የተጠቀመችው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሪል ታይም የተሠራው ቪኤክስወርክስ ነው፤ ቅድሚያ ማክበርን ጠንቅቆ ያውቃል። ታዲያ ምን ነካው?

አንድ ግቢ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። የውሃው መክፈቻ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ትንሹ ልጅ ቁልፉን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ለአስቸኳይ ጉዳይ ቁልፉን ፈለጉት፤ «ልጁ ይጨርስና ይመልስ» ብለው ቆሙ። እስከዚህ ምንም ችግር የለም፤ ልጁ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ግን ጎረምሳው ወንድሙ ይመጣና «ሂድ ካርድ ገዝተህ ና» ይለዋል። ልጁ ታናሽ ስለሆነ እሺ ብሎ ይሄዳል፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሲመለስ ሌላ መልእክት ይጠብቀዋል። ጎረምሳው ቁልፉን አልያዘም፣ ከእትዬም አይበልጥም፤ ሳያውቀው ግን እትዬን አቁሟቸዋል። ታላቂቱ ታናሹን እየጠበቁ፣ ታናሹ ደግሞ በመካከለኛው እየታዘዘ የቅድሚያው ሥርዓት ተገለበጠ። ባለሙያዎች ይህንን «የቅድሚያ መገልበጥ» ይሉታል።

ፓዝፋይንደር ላይ ትንሹ ልጅ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ ነበር። እትዬ ደግሞ የመንኮራኩሯን የመረጃ መስመር የሚያስተዳድረው ከፍተኛ ሥራ፣ ጎረምሶቹ በመካከል ያሉ ሌሎች ሥራዎች። ከፍተኛው ሥራ በሰዓቱ ሳይጨርስ ሲቀር፣ ጠባቂው ፕሮግራም «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሳዋል።

መድኃኒቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ሻ፣ ራጅኩማርና ሌሆትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ አስቀምጠውታል፤ «ቅድሚያ መውረስ» ይባላል። እትዬ ቁልፉን ከጠየቁበት ቅጽበት ጀምሮ ልጁ የእትዬ መልእክተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ቁልፉን እስኪመልስ ጎረምሳው ሊያዘው አይችልም። ቁልፉን ሲመልስ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቪኤክስወርክስ ይህ ዘዴ ነበረው፤ ያ አንድ ቁልፍ ላይ ግን አልበራም ነበር። መሐንዲሶቹ ችግሩን ምድር ላይ ባለ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ደግመው ካገኙት በኋላ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ላኩ። ችግሩም ቆመ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የተበላሸ ክፍል አልነበረም፤ ፕሮሰሰሩም አልደከመም። ችግሩም መፍትሔውም አንድ የቅንብር ምርጫ ውስጥ ነበሩ፤ «አብራ» ወይም «አጥፋ»። ወደ ሊኑክስ ስንመጣ ይህንን አስታውሱ።

ከሄልሲንኪ የመጣው እንግዳ

ነሐሴ 25 ቀን 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን አሳወቀ። ሊኑክስ የዩኒክስን አርአያ የተከተለ በመሆኑ የጊዜ አጋሪው ቤተሰብ አባል ነው። ነፃ ነው፤ ማንም ሰው ምንጩን አንብቦ ሊለውጠው ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰርቨር እስከ ቤተ ሙከራ በየቦታው ገባ። ከዚያም ሰዎች «ሮቦቴን በዚህ ባሠራውስ?» ማለት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በቀድሞው ሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ከርነሉን አንድ ነገር ሲያዝዝ (ለምሳሌ «ይህን ፋይል አንብብልኝ») ከርነሉ ሥራውን እስኪጨርስ ወይም ራሱ ፈቅዶ እስኪለቅ ድረስ፣ የቱንም ያህል አስቸኳይ ሌላ ሥራ ቢመጣ ፕሮሰሰሩን አያገኝም። በተለመደው ፒሲ ላይ የከርነሉ ሰዓት በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ስለሚመታም፣ ጊዜን ከ10 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ደረጃ መለካት አስቸጋሪ ነበር።

10 ሚሊ ሰከንድ ብዙ ነው ወይ? በኮምፒውተር ድምፅ ስትቀርጹ በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙናዎች ይወሰዳሉ። ፕሮግራሙ በ64 በ64 እየቆጠረ ከተቀበላቸው፣ አንዱን ጨርሶ ለሚቀጥለው መድረስ ያለበት በየ1.3 ሚሊ ሰከንዱ ነው። አንድ ጊዜ ካመለጠው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ክራር የሚቀርጽ ሰው ግሩም አድርጎ ተጫውቶ ሲጨርስ በመሃል ቀጭ ካለበት፣ ከርነሉ በአማካይ ፈጣን መሆኑ ምኑ ነው?

የመጀመሪያው መፍትሔ ብልጣብልጥ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቪክቶር ዮዳይከንና ማይክል ባራባኖቭ አርቲሊኑክስ የተባለ ሥርዓት ሠሩ። ሊኑክስን ከማስተካከል ይልቅ ከሥሩ ሌላ ትንሽ የሪል ታይም ከርነል አስገቡበት። ትንሹ ከርነል አስቸኳዩን ሥራ ይሠራል፤ ሊኑክስ ራሱ ግን የመጨረሻ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሆኖ ሌላው ሲያርፍ ብቻ ይሠራል። ጣሊያን ሚላን ውስጥም ተመሳሳይ መንገድ የተከተለ አርቲኤአይ የተባለ ፕሮጀክት ተነሳ። ውጤታቸው ጥሩ ነበር። ችግሩ ሁለት ዓለም መፍጠራቸው ነው፤ አስቸኳዩ ሥራ በትንሹ ከርነል ደንብ መጻፍ አለበት፣ ሰፊውን የሊኑክስ ዕቃ ቤት እንደልብ መጠቀም አይችልም።

ሌሎች ደግሞ «ለምን ሊኑክስ ራሱ አይታረምም?» አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የሙዚቃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ዋነኞቹ ነበሩ፤ በ2000 ለከርነል ገንቢዎቹ ጥያቄያቸውን በይፋ አቀረቡ። በ2001 ሮበርት ላቭ ከርነሉን በሥራው መሃል ማቋረጥ የሚያስችል ማሻሻያ አዘጋጀ፤ በ2002 ወደ ዋናው ሊኑክስ ገባ። በ2003 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 2.6 ይህንን ምርጫ ይዞ መጣ። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቃል ለመስጠት ግን አልበቃም። ከርነሉ አንድ የጋራ ዕቃ ላይ ቁልፍ ይዞ ባለበት ጊዜ አሁንም ማቋረጥ አይቻልም፤ ሊኑክስ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቁልፎች በሺዎች ይቆጠራሉ።

ሃያ ዓመት የፈጀው ጥገና

በጥቅምት 2004 ኢንጎ ሞልናር «የሪል ታይም መቋረጥ» የተባለ የማሻሻያ ስብስብ ማውጣት ጀመረ። ቶማስ ግላይክስነር፣ ስቲቨን ሮስቴትና ሌሎችም ተቀላቀሉት። ፕሮጀክቱ በኋላ ፕሪኤምፕት አርቲ በሚል ስም ታወቀ። ሐሳቡ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ ቁልፎቹ ተቀየሩ። ቀድሞ የተያዘ ቁልፍ የሚጠብቅ ሥራ በር ላይ ቆሞ «አለቀ? አለቀ?» እያለ ፕሮሰሰሩን ይዞ ይሽከረከር ነበር። ቁልፉን የያዘውንም ማንም ሊያቋርጠው አይችልም። በአዲሱ ዘዴ ጠባቂው ይተኛል፣ ፕሮሰሰሩ ለሌላ ይሰጣል፤ የቅድሚያ መውረስም አብሮ ይሠራል። የፓዝፋይንደር መድኃኒት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ኢንተራፕት ሥርዓት ያዘ። ኢንተራፕት ማለት ኔትወርክ ካርዱ ወይም ዲስኩ «ስማኝ!» ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ጥሪ ነው። ቀድሞ ማንኛውም ጥሪ ሁሉንም አስቁሞ ይስተናገዳል። አሁን ጥሪው ከሞላ ጎደል እንደማንኛውም ሥራ ቅድሚያ ተሰጥቶት ይሰለፋል። ዲስኩ ስለጮኸ የሮቦቱ ክንድ አይቆምም።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ጠራ። ከርነሉ በየምቱ ከመጠበቅ ይልቅ በማይክሮ ሰከንድ (በሰከንድ ሚሊዮንኛ) ደረጃ «በዚህ ቅጽበት ቀስቅሰኝ» ማለት ቻለ።

ታዲያ ለምን ሃያ ዓመት ፈጀ? ሊኑክስ በየዕለቱ በብዙ ሰው የሚቀየር ሕንፃ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ነዋሪ ሳይወጣ መሠረቱን እየቀየሩ ነበር። በአንዴ ቢጨምሩት ማንም አይቀበላቸውም። ስለዚህ ቁራሽ በቁራሽ አስገቡት። የጠራው ሰዓት መሠረት በ2006 ገባ። በዚያው ዓመት የቅድሚያ መውረስ ለፕሮግራሞች ደረሰ። በ2008 በከርነል ውስጥ የሚሆነውን የሚከታተለው ኤፍትሬስ፣ በ2009 ሥርዓት የያዙት ኢንተራፕቶች ተከተሉ። በ2014 ደግሞ ቀጠሮው ለቀረበ ሥራ ቅድሚያ የሚሰጥ አዲስ አሰላለፍ በሌሎች ተመራማሪዎች ጥረት ሊኑክስን ተቀላቀለ፤ ከሊዩና ሌይላንድ ጽሑፍ 41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እነዚህን የሚጠቀሙት ሮቦቶች ብቻ አይደሉም። አንድሮይድ በሊኑክስ ከርነል ላይ የቆመ ስለሆነ ከዚህ ልፋት ብዙው ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ሁሉም ግን አላመነበትም። ቶርቫልድስ ራሱ በ2006 በከርነል ገንቢዎች ጉባኤ ላይ በሊኑክስ ሌዘር መቆጣጠር እብደት እንደሆነ፣ ነገር ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ በየራሱ መንገድ እብድ ስለሆነ እንደማይቃወም ተናግሮ ነበር። ከእብደቱ ይልቅ ገንዘቡ ባሰ። ፋብሪካዎችና ኩባንያዎች ሥራውን በነፃ ይጠቀሙበታል፤ የሚከፍል ግን አልተገኘም። በ2014 ግላይክስነር ገንዘብ ካልተገኘ ፕሮጀክቱ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ብቻ እንደሚሆን እስከማሳወቅ ደረሰ። በ2015 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ድጋፍ የሚሰበስብ ፕሮጀክት ሲቋቋም ሥራው ነፍስ ዘራ።

የመጨረሻው እንቅፋት ምን እንደነበር ብታውቁ ትስቃላችሁ፤ የከርነሉ የራሱ ወሬ ነው። ከርነሉ «ይህ ተሰክቷል፣ ያ ተበላሽቷል» እያለ መልእክት ይጽፋል። መልእክቱ በቀድሞ ዓይነት መስመር የሚወጣ ከሆነ በሰከንድ 11,520 ፊደል ገደማ ብቻ ያልፋል፤ 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር 7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በሪል ታይም ዓለም 7 ሚሊ ሰከንድ ዘላለም ነው። መልእክቱን አቆይተን እንጻፈው ቢባል ደግሞ ኮምፒውተሩ ድንገት ቢሞት የመጨረሻ ቃሉ አብሮት ይሞታል። ማንንም ሳያዘገዩ የመጨረሻውን ቃል ማትረፍ ብዙ ዓመት ያከራከረ ሥራ ሆነ።

በመስከረም 2024 ይህም ተፈታ። ቪየና ውስጥ በነበረ ስብሰባ ግላይክስነር የመጨረሻውን የማስገቢያ ጥያቄ ወረቀት ላይ አትሞ፣ በወርቃማ መጠቅለያ ጠቅልሎ ለቶርቫልድስ በእጁ ሰጠው። መስከረም 20 ቀን ቶርቫልድስ ተቀበለው። ኅዳር 17 ቀን 2024 የወጣው ሊኑክስ 6.12 ፕሪኤምፕት አርቲን በውስጡ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሊኑክስ ሆነ።

ምርጫው የእናንተ ነው

እንግዲህ ዛሬ ማንኛችሁም የሊኑክስን ምንጭ አውርዳችሁ የራሳችሁን ከርነል ስታዋቅሩ አንድ ጥያቄ ይመጣላችኋል፤ «ከርነሉ ምን ያህል ይቋረጥ?» ይላል። እምብዛም የማይቋረጠው ለሰርቨር ነው፤ ብዙ ሥራ ይጨርሳል። መካከለኞቹ ለዴስክቶፕ ናቸው። ሙሉ በሙሉ የሚቋረጠው ፕሪኤምፕት አርቲ ነው። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ይህ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ የቀረበ የታክሲ ጥያቄ መሆኑ ይገባችኋል።

ምርጫውን ማብራት ግን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አስቸኳዩን ሥራ ከ1 እስከ 99 ባለው የሪል ታይም ቅድሚያ ተገቢውን ቦታ መስጠት ያስፈልጋል። ፕሮሰሰራችሁ ብዙ ኮሮች ካሉት አንዱን ኮር ለእሱ ብቻ አግልሉለት፤ የዲስክና የኔትወርክ ጥሪዎችም ወደ ሌሎቹ ኮሮች ይሂዱ። የሥራው ማስታወሻ ወደ ዲስክ እንዳይወጣ ቆልፉት፤ አለዚያ አንድ ቀን ከዲስክ እስኪመለስ ሲጠብቅ ቀጠሮው ያልፋል። ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ጥልቅ እንቅልፍ እንዳይገባም ከልክሉት፤ ከጥልቅ እንቅልፍ መንቃት ራሱ ጊዜ ይፈጃል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እወቁ። ሊኑክስ በራሱ ካልቀየራችሁት ከእያንዳንዱ ሰከንድ 0.05 ሰከንዱን ለተራ ሥራዎች ያስቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ፕሮግራም ተሳስቶ የማያልቅ ዙር ውስጥ ቢገባ ማንም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ሥልጣን የተሰጠው ሥራ ጠባቂም ያስፈልገዋል።

ከዚያ ለኩ። ግላይክስነር የጀመረው ሳይክሊክቴስት የተባለ ፕሮግራም «በዚህ ቅጽበት ቀስቅሰኝ» እያለ ከርነሉን ደጋግሞ ይፈትናል፤ ምን ያህል እንደዘገየም ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ብትለኩ ያማረ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ያ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ዲስኩንም ኔትወርኩንም አስጨንቁ፣ ለሰዓታት አሂዱት፣ ከዚያ አማካዩን ተዉትና ትልቁን ቁጥር ተመልከቱ። ቃል መግባት የምትችሉት በእሱ ላይ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ወሰን አለው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር ከርነሉ ሳያየው ፕሮሰሰሩን ይወስድና ይመልሳል፤ ለዚህ የከርነል ቅንብር መድኃኒት የለውም። በሚያዝያ 2021 ማርስ ላይ የበረረችው ኢንጀኒዊቲ ሄሊኮፕተር ሊኑክስ ነበራት፤ ክንፎቿን በየቅጽበቱ የሚቆጣጠረው ሥራ ግን ለሌሎች ትንንሽ ፕሮሰሰሮች ተሰጥቶ ነበር። የትኛው ቀጠሮ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእናንተ ምን ያደርጋል? ቀጠሮ የሚያከብር ከርነል ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ፈቃድ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ምንም ክፍያ ሊያዋቅረው፣ ሊፈትነውና ምንጩን መስመር በመስመር ሊያነበው ይችላል። ሞተር የሚቆጣጠር፣ ድምፅ የሚቀርጽ፣ የታማሚ ትንፋሽ የሚከታተል መሣሪያ መሥራት የሚያስብ ወጣት ከዚህ ሊጀምር ይችላል።

መሣሪያ ስትሠሩ «በአማካይ ስንት ይወስዳል?» የሚል ሰው ብዙ ይገጥማችኋል። መልሱለት፤ ግን የራሳችሁን ጥያቄ ጨምሩበት፦ በጣም በከፋው ቀን፣ ዲስኩ ሞልቶ፣ ኔትወርኩ ተጨናንቆ፣ ሁሉም በአንዴ ሲጮህስ? የአፖሎ መሐንዲሶች ይህንን አስቀድመው ጠይቀው ስለነበር ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ኮምፒውተሩ ምን መጣል እንዳለበት ያውቅ ነበር።